ነጎደ

መምህር ዘሥላሴ «ነጎደ» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፎ ከሥሩ ያሰምርበታል። ይህን ቃል ይወደዋል፤ ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ ሊያስተምር በገባ ቁጥር አመጣጡን ሳያወራ አይወጣም።

«ጥንት ሠራዊት ወይም የከብት መንጋ ባንድነት ተነሥቶ ወደ ሩቅ ሲተም ነጎደ ይባል ነበር» ይላል። «ኋላ ለሐሳብም ሆነ። ሰውየው ፊታችሁ ተቀምጧል፣ ልቡ ግን እዚህ የለም። በሐሳብ ነጉዷል።»

ምሳሌ ሲፈልግ ዓይኑ ከኋላ ወንበር ፀደንያ ላይ ያርፋል። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ከሚኖሩት ልጆች አንዷ ናት። አገጯን በመዳፏ ደግፋ ግድግዳውን እያየች ፈዛለች።

«ይኸውላችሁ ምሳሌው» ይላል፣ በጣቱ እያሳያት።

ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ሳቁ ደስ ይለዋል፤ በዚያ የጠዋት ብርድ ተማሪዎቹ የነቁለት ገና አሁን ነው።

«ፀደንያ፣ የት ድረስ ነጎድሽ?»

ልጅቷ ደንግጣ ትነሣለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሊያ ጥያቄውን በሹክሹክታ ትደግምላታለች።

«ቤታችን» ትላለች ፀደንያ።

«ቤታችሁ ምን አለ?»

«ጥጃ።»

ሳቁ ይብሳል። እሷ ግን የተጠየቀችውን በደንብ ለመመለስ ትጣጣራለች።

«እኛም የነጎድን ለታ ታስሮ ቀረ። ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ተመልሼ ልፍታው ስል አባዬ እጄን ይዞ ጎተተኝ፤ ተኩሱ ቀርቦ ነበር። አሁን በሐሳቤ እየሄድኩ ልፈታው እሞክራለሁ። ብዙ ጊዜ ሳልደርስ እመለሳለሁ። ዛሬ ገመዱን ይዤው ነበር፤ ሲጠሩኝ ለቀቅኩት።»

የሚስቅ የለም። በጣም ሲስቅ የነበረው አማኑኤል ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል።

ዘሥላሴ የቀሰረባትን እጅ የት እንደሚያደርገው ያጣል። ኮቱ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ይህን ቃል ስንት ዓመት አስተምሯል፤ የነጎደን ሰው ግን ጠይቆ አያውቅም።

ፀደንያ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«ተሳሳትኩ እንዴ ቲቸር?»

«አልተሳሳትሽም» ይላል።

ድምፁ ግን ከፊት ወንበር አያልፍም። እሷ መልሱን እየጠበቀች፣ ከኋላ እንደቆመች ናት።