አራተኛው ማዞሪያ

ወልደአማኑኤል በአዋሳ የአንድ ቀበሌ ኪነት ቡድን ድምፅ ተቆጣጣሪ ነው። ልምምድ ሲያልቅ የድምፅ ማደባለቂያው፣ የሚክሰሩ፣ ማዞሪያዎች ስንት ስንት ላይ እንደቆሙ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ጠዋት ከደብተሩ እያየ ይመልሳቸዋል። ዘፋኟ እህተማርያም ከታሰረች ወዲህ ግን፣ ሊቀመንበሩ “ድምጿን እዚህ እንዳልሰማ” ስላለ፣ አራተኛውን፣ የእሷን፣ ዜሮ ላይ አድርጎ ዜሮ ብሎ ጽፎታል። ይኸው ሦስት ጠዋት ሙሉ ቁጥር ስምንት ላይ፣ በእሷ ልክ ቆሞ ያገኘዋል።

“አባባ ተፈራ፣ ማንን ነው የሚያስገቡብኝ? ሊቀመንበሩ ቢያይ ቀጥሎ የምታሰረው እኔ ነኝ” ሲል ዘበኛው ላይ ጮኸ።

“ክፍሉን የምትቆልፈው አንተ፣ የምትከፍተው አንተ።”

ደሙ ፈላ። የማይክራፎኗን ገመድ መንጭቆ ነቀለ፤ ማዞሪያውን ዜሮ ላይ መልሶ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ማዞሪያው ከነጣቶቹ እየዞረ ስምንት ላይ ቆመ።

“ወልዴ” አለችው ከድምፅ ማጉያው፣ እንደ ወትሮዋ፣ “ድምፄ አሁንም አነሰኝ።”