የልብ ምት ቀበቶ

ቅዳሜ ጠዋት ጂሙ ውስጥ የነበርነው አሠልጣኝ ደምሰው፣ አብራኝ የምትሠለጥነው ልጅና እኔ ነን። አሠልጣኙ የልብ ምት መቁጠሪያ ቀበቶ አደለንና በቀዘፋ ማሽኖቹ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«በዝግታ ጀምሩ፤ ጉልበታችሁን ለመጨረሻው አቆዩት» አለን።

ወር ሙሉ «ስፕሪስ ልጋብዝሽ» ልላት አቅቶኝ ነበር። እየቀዘፍን «ደህና አደርሽ?» ስላት የእኔ ማሽን ስክሪን ላይ ያለው የልብ ምት ቁጥር ዘለለ።

«አንተ፣ ቀስ በል አላልኩህም?» አለኝ አሠልጣኙ። «ገና ሳትነሳ ልብህ ማዶ ተሻገረ።»

እሷ አንገቷን ደፋች። ቁጥሩ ጭራሽ ባሰበት። አፍሬ ቀበቶውን ከካናቴራዬ ሥር ፈታሁና ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

የእሷ ስክሪን ዜሮ ሆነ። የእኔው መቁጠሩን ቀጠለ።

«ውይ፣ ቀበቶውን አቀያይሬ ነው የሰጠኋችሁ» አለ አሠልጣኙ።

ቀዘፋውን ሳንጨርስ ወጥተን ስፕሪስ ጠጣን።