ሁለት ጭብጨባ

ከቶኪዮ ረጃጅም ሕንጻዎች ጀርባ በቀረች አንዲት ጠባብ መንደር፣ ፉሚዬና ሺዙኖ አጥር ለአጥር ተጎራብተው አርጅተዋል። ጎረቤት ማለት ያንሳል፤ የሥጋ ዘመድም እንደነሱ አይተሳሰብም።

በሺዙኖ ግቢ ጥግ ሁለት የድንጋይ ቀበሮዎች የሚጠብቋት የአምላክ መቅደስ አለች። ከጫማ መደርደሪያ ብዙም አትበልጥም። ፉሚዬ ልጇ በሳንባ ምች ተይዞ ሐኪም ተስፋ በቆረጠበት ጊዜ እዚህች ደጃፍ ተስላ ነበር፦ ልጄን ማርልኝ፣ በሕይወት እስካለሁ ጠዋት ጠዋት ከደጅህ አልጠፋም ብላ። ልጁ ድኖ ዛሬ መላጣ ሆኗል። እሷም ከደጁ አልጠፋችም።

ሁለቱ ሴቶች በየጠዋቱ ጎን ለጎን ቆመው ሁለቴ እጅ ይነሣሉ፣ ሁለቴ ያጨበጭባሉ፣ አንዴ ደግመው እጅ ይነሣሉ። ጭብጨባው አምላኩን «መጥተናል፣ ስማን» ለማለት ነው።

ጣጣው የመጣው ከሺዙኖ የእህት ልጅ ከርዮሄይ ጋር ነው። ቤት አሻሻጭ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። አክስቱ ዘንድ ካረፈ ጀምሮ ግቢውን በሜትር ይለካል፣ መቅደሷን ፎቶ ያነሣል። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን።

«ሺዙኖዬ፣ ይሄ ልጅ ቤትሽን ይሸጥብሻል» አለች ፉሚዬ።

«እኔ በቁሜ እያለሁ? የት አባቱ!»

የቼሪ አበባ ሲፈነዳ ሺዙኖ ለፉሚዬ የጀርባ ሕመም ብላ የፍል ውኃ ጉዞ ጋበዘቻት። ፉሚዬ ስለቴስ ብላ እምቢ አለች። «ሂጂ፣ እኔ ባንቺ ስም እጅ እነሣልሻለሁ» ብላ ሺዙኖ ማለችላት።

ፉሚዬ ከጉዞው ስትመለስ የመቅደሷ ደጃፍ ላይ ጨው ተበትኗል። ድንጋዩ መጠጥ መጠጥ ይሸታል። ርዮሄይ መጥረጊያ ይዞ ቆሟል።

«የአምላክ ደጅ ላይ ትሰክራለህ? አታፍርም?»

ልጁ አፉን ከፍቶ ነበር። አክስቱን አየና መልሶ ዘጋው።

በዚያው ሰሞን ሺዙኖ እጇን ወለም ብሏት በፋሻ ጠቀለለችው። ከዚያ ወዲህ ፉሚዬ የሁለቱንም ድርሻ ታጨበጭብ ጀመር። ለቀበሮዎቹ የተጠበሰ ቶፉ፣ ያን የአኩሪ አተር አይብ፣ የምታቀርበውም እሷ ብቻ ሆነች። ለጓደኛ ይሄ ምን ይከብዳል?

የሰካራሙ ልጅ ወሬ መንደሩን አዳረሰ። ርዮሄይን ሰላም የሚለው ጠፋ፤ ዓሣ ሻጩ ሳይቀር ፊት ነሣው። ፉሚዬ አንጀቷ ራሰ። ክፉ ሆና አይደለም፤ ደጇን መጠበቋ ነው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ ማለዳ የማፍረሻ ማሽን መጣ። ፉሚዬ ቶፉዋን እንደያዘች መቅደሷን ተደግፋ ቆመች።

«መጀመሪያ እኔን አፍርሱኝ» አለች።

የሠራተኞቹ አለቃ ቆቡን አወለቀ። «እማማ፣ አምላኩ ያለበትን እኛስ እንደፍራለን?» ብሎ ትንሿን በር ከፈተላት። ውስጡ ባዶ ነው። በቼሪ አበባ ሰሞን ካህን ተጠርቶ፣ ጨውና የሩዝ መጠጥ ተረጭቶ፣ አምላኩ በክብር ወደ ሌላ ስፍራ መሸኘቱን ነገራት።

ያን ሁሉ ጠዋት ለባዶ ሳጥን ስታጨበጭብ ከርማለች። ስለቷ ፈርሷል፣ እሷ ግን አላወቀችም። ቶፉው መሬት ወደቀ። ዞራ ርዮሄይን አየችው።

«ጉድ ሠራኸኝ» አለችው።

ርዮሄይ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ዓይኑን ወደ ውጭው በር መለሰ።

በሩ ላይ ሺዙኖ ትልቁን ሻንጣ በዚያ ማጨብጨብ አቃተው በተባለው እጇ ብድግ አድርጋ ታክሲው ውስጥ ከተተችው።