የክፍል ሰባት በር

ሽማግሌው ጀልባው ላይ ከወጣ ጀምሮ የአስጎብኚውን ደም ሲያፈላ ነው የዋለው። ከቀይ ባሕር ደሴቶች ሥር ሉል ለማውጣት ይጠልቁ የነበሩ ሰዎች ታሪክ ሲወራ ዝም ብሎ ይሰማል፤ ደሴቱ ላይ ታስረው ስለነበሩት እስረኞች በተነሳ ቁጥር ግን፣ "አንተ ልጅ፣ ዔሊና ዛጎል አሳየን! ለልቅሶ አልመጣንም" ይላል።

አሮጌው እስር ቤት ሲደርሱ አስጎብኚው መታገሥ አቃተው። "ካልፈለጉ ጆሮዎን ይድፈኑ! አባቴ ከክፍል ሰባት በሕይወት አልወጣም፤ እናገራለሁ!"

እንደ ልማዱ የእስረኞቹን ኑሮ እንዲቀምሱ ጎብኚዎቹን ለአንድ ደቂቃ ጨለማው ውስጥ ሊዘጋባቸው ክፍል ሰባት አስገባቸው። ሽማግሌው ብቻ አልገባም ብሎ ደጅ ቆመ። የብረቱ በር እንደ ወትሮው ወለሉ ላይ ተጣብቆ አስቸገረ። አስጎብኚው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በትከሻው እየገፋ ነው የሚዘጋው። ዛሬም ሲገፋ፣ ሲያቃስት፣ የሽማግሌው ትዕግሥት አለቀ።

"ወዲያ በል! እንዲህ አይደለም!"

እጀታውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ፣ የበሩን የታችኛውን ጥግ በግራ ተረከዙ መታ አደረገው። በሩ ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ። በቀኝ እጁም ሳያይ መቀርቀሪያውን አግኝቶ ቀረቀረው።

ከዚያ ባለበት ደርቆ ቀረ። አስጎብኚው የሽማግሌውን ተረከዝ እያየ ነበር።

ደቂቃው አለፈ። ጎብኚዎቹ ከውስጥ በሩን መደብደብ ጀመሩ። ሁለቱም አልከፈቱም።