በቀይዋ ዓሣ ጀርባ ላይ

ቀለም ቀቢው ማለዳ የልጁን ሣጥን ከፍቶ ቀይዋን ዓሣ ሲያወጣ ጀርባዋ ተቧጥጦ አገኘው።

«ደግሞ» አለ።

ሚስቱ ከማጀት ብቅ አለች። «ደግሞ ምን?»

«ደግሞ ወስዷታል። ነይ እዪ፣ ውኃው እንኳ አልደረቀላትም።»

ቀይዋ ዓሣ ከእንጨት የተጠረበች ማባበያ ናት፤ ከመሃል ጣት አትበልጥም። የሐይቅ ዓሣ እውነተኛ መስላው ሲጎርሳት ሆዷ ሥር ያለው መንጠቆ ይይዘዋል። ሣጥኑ ውስጥ ብዙ እህቶች አሏት። የጠረባቸው ልጁ፣ የቀባቸው አባቱ ነው። ሲፋተጉ ቀለማቸው እንዳይላጥ እያንዳንዳቸው በልጁ አሮጌ ካልሲ ቁራጭ ተጠቅልለዋል።

ልጁን ሐይቁ ከወሰደው ወዲህ ማንም እንዲያጠምድባቸው አልተፈቀደም።

ከቀብሩ በኋላ ቀለም ቀቢው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ለሥራ የሚፈልጉት ሰዎች ደውለው ደውለው ተዉት። ሚስቱ ታበስላለች፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ትደፋዋለች። ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ራዲዮኑ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ስትጠርግ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር ጎተተችና «ይሄ ነገር ክፍቱን ነው እንዴ የተተወው?» አለች። ያኔ ነው የመጀመሪያውን ጭረት ያየው። ያኔ ነው ከአልጋው የወረደው።

አሁን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የተላጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል።

«ትልቅ ዓሣ ነው የነከሳት» አለ። «አራት ጭረት። ሦስቱ ቀጥ ያሉ፣ አራተኛው ጠመም ያለ።»

«ጥርሱ ጠማማ ይሆናላ።»

«ምስኪን። የሚያቃናለት አጥቶ።»

ሚስቱ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ግን «ማን ነው የሚወስዳት ትላለህ?» አለች።

«ቀጮ ነዋ። የቤቱ ቁልፍ የት እንደሚሰቀል ሌላ ማን ያውቃል?»

ቀጮ የልጁ ባልንጀራ ነው። ጀልባዋ የተገለበጠች ቀን አብሮት ነበር፤ እሱ ዋኝቶ ወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ የሰው ልጅ ስም አታጥፋ።»

«ዛሬውኑ ቁልፉን እቀይራለሁ።»

«ቀይረዋ።»

አልቀየረውም። የተቧጠጠውን ነጭ ቀባ፤ ሲደርቅ ቀዩን ደረበበት። በመጨረሻ ውኃ እንዳይገባባት የሚያለብሳት ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ነው። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳው።

«አልቋል።»

«አዲስ አለ፣ ትናንት ገዝቻለሁ። ሱቅ ያለችው ልጅ ‹እትዬ፣ ምነው ጥፍርዎን ተቀብተው አይቼዎት አላውቅም› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ባሌ ነው የሚቀባው አልኳት።»

ቀለም ቀቢው ከት ብሎ ሳቀ። እስኪደርቅ ድረስ ዓሣዋን በክር አንጠልጥላ የምትይዘው ሚስቱ ናት። ይህን ጊዜ ታወራለች። ልጃቸው ትንሽ ሳለ አንዷን ትራሷ ሥር ሸሽጎ መንጠቆው ሻሿን ይዞት እንዳደረ አወራች። አልቅሳም አቆመች። ምሳ አብረው በሉ።

ከሰዓት በኋላ ቀጮ መጣ፤ እንደ ወትሮው በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ አላለፈም።

«እንደ አዲስ ሆናለች፣ ጋሼ። እኔማ ከዚያ ቀን ወዲህ ውኃ ዳር አልደረስኩም።»

ቀለም ቀቢው የቀጮን እጆች ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ሻይ ስጪው» አለ።

ቀጮ ሲሄድ ሚስቱ ጠየቀች። «ለምን ዝም አልከው? ጠዋት እኮ ልትበላው ነበር።»

«ከጠየቅሁት ይተዋላ።»

ሚስቱ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማጀት ገባች።

በሳምንቱ ቤቱ እንደገና ጸጥ አለ። ራዲዮኑ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ዋለ። ምሳው ቀዘቀዘ፤ ሚስቱ ደፋችው፤ ሳህኑን እንደያዘች መስኮቱ ጋ ቆማ ቀረች። በማግስቱ ቀለም ቀቢው ማጀት ገብቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ጫማውን አጠለቀ።

«ፀጉሬን ልስተካከል። ወረፋ አለ፣ እቆያለሁ።»

«እሺ።»

በሩ ላይ ዞር አለ። «እቆያለሁ፣ አልኩሽ።»

ኮቴው እስኪርቅ ጠበቀች። በኩባያ ውኃ ቀዳች። ከሣጥኑ ውስጥ አረንጓዴዋን ዓሣ አውጥታ ካልሲዋን ፈታች። ከዚያ የማጀቱን መሳቢያ ከፍታ፣ ከማንኪያዎቹ ኋላ የሸሸገችውን አንድ ጥርሱ የተጣመመ ሹካ ፈልጋ አወጣች።

ጥርሱ ተቃንቷል፤ ተጣብቆበት የነበረው ቀይ ቀለም ተጠርጓል፤ እጀታው ላይ የተቀባው የጥፍር ቀለም ገና አልደረቀም።