አዴ ዲንቄና የስቅለቱ ፊልም

ተዋናዩ በላይነህ በፊልም ክርስቶስን ሆኖ ከተጫወተ ወዲህ መጠጥ ትቷል ተባለ። ለጋዜጣም ለራዲዮም ሲናገር፣ መስቀሉ ላይ ታስሮ ሳለ ከሰማይ በስሙ የጠራው ድምፅ እንደ ሰማ ገለጸ። አገሩ አመነው። መንገድ ላይ ሴቶች እጁን ለመሳም ይሻሙ ጀመር።

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም፣ ፊልሙን በመኪና ጭኖ ወደ ቆላው ወረደ። አብሮት የነበረው አብዱላሂ ብቻ ነው፤ ሹፌሩም የሲኒማ ማሽኑ ሠራተኛም እሱ ነበር። ሀገረ ማርያም አሳዩ፣ ሻኪሶ አሳዩ፣ ከዚያ ነገሌ ገቡ። በደረሱበት ሁሉ በላይነህ ከፊልሙ በፊት ይቆምና ስለ ድምፁ ይመሰክራል።

ድምፅ ግን አልሰማም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ፊልሙ በተነሣበት ቀን፣ የሰማው የአዘጋጁን ጩኸትና ሮማውያን ሆነው እንዲሠሩ ከጦር ሰፈር በውሰት የመጡትን ወጣቶች ሳቅ ነው። በኋላ ጋዜጠኛው ሲጠይቀው አንድ ነገር ማለት ነበረበት፤ አለ። ካለ በኋላ መመለሻ አጣ።

ነገሌ በገቡ ዕለት ይህንኑ ለአብዱላሂ አጫወተው።

«ሰው ሲያለቅስ ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ። ባዶ ነኝ፣ አብዱላሂ። ጸሎት እንኳ አይወጣኝም።»

«አላህ ይርዳህ» አለው አብዱላሂ።

ፊልሙ የሚታየው ከቀትር በኋላ፣ መስኮቶቹ በጆንያ በተሸፈኑበት የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አብዱላሂ ከፊት ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ሴት አየና ደነገጠ። ሻኪሶ ላይ ባሳዩባቸው ሁለት ቀናትም መጥታ ነበር። አዴ ዲንቄ ትባላለች፤ ለወርቅ ቆፋሪዎች ቅቤ የምትሸጥ የጉጂ ሴት ናት። ገበያዋን ለጎረቤት ትታ፣ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላ ተከትላቸው መጥታለች።

ስቅለቱ ሲደርስ ተነሣች። እስከ መጋረጃው ሄዳ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ብርሃኑ ጣቶቿ ላይ አረፈ። የጌታን እግር ልትዳስስ እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም፤ ሴቶቹም ተከትለዋት አለቀሱ። መስቀሉ ከቆመ በኋላ ግን ዐይኗን በሻሿ ጠርጋ ወጣች።

በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ አደረገች።

የነገሌው ካህን ቄስ ገብረአምላክ ነገሩ አልጣማቸውም።

«ይህች ሴትዮ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጣ አታውቅም አሉ» አሉት በላይነህን። «ደግሞ ትንሣኤውን ሳታይ ነው የምትወጣው። ትንሣኤ የሌለበት ምን ዓይነት እምነት ነው?»

በላይነህ ተከትሏት ወጣ። መጋዘኑ ጥግ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ አገኛት።

«አካም፣ እናቴ።»

«ናጋ» አለችው።

«አማርኛው ይገባዎታል?»

«ትንሽ። ወሬውን አልሰማም። አያለሁ ብቻ።»

«ልብዎን ነካው?»

ደረቷን በመዳፏ ያዘች። «እዚህ ገባ» አለች። ቀጥላም «ነገስ ታሳያለህ?» አለችው።

«አዎ። ነገ የመጨረሻው ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን።»

ፊቷ ጠቆረ። ፊልሙ አልቆ አብዱላሂ ጥቅሉን ታቅፎ ወደ መኪናው ሲያልፍ አየችና ተጠጋችው።

«ይሄ ያረጃል?»

«ባሳየነው ቁጥር ይበጣጠሳል፣ እናቴ። እንቀጥለዋለን።»

«ዋቅ!» ብላ አምላኳን ጠራች፤ ጥቅሉንም እንደ ሕፃን ራስ በጣቷ ጫፍ ነካችው።

በላይነህ ማረፊያው ደርሶ በሩን ዘግቶ ተንበረከከ። ከልጅነቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ማንም ያልሰበካት ሴት በእሱ ውሸት ውስጥ እውነተኛውን አምላክ ካገኘች፣ አምላክ እሱንም አልረሳውም ማለት ነው። አለቀሰ። ሲወጣ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

«አገኘሁት» አለው አብዱላሂን።

በመጨረሻው ቀን መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞላ። ሹማምንቱ፣ መምህራኑ፣ ነጋዴው ሁሉ መጥቷል። በላይነህ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ፊታቸው ቆመ።

«ድምፅ አልሰማሁም» አላቸው። «ዋሽቻችኋለሁ። አገሩን በሙሉ ዋሽቻለሁ።»

ጉምጉምታው ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አንዱ «ወይ ጉድ!» አለ። አንድ መምህር ተነሥቶ ወጣ። በላይነህ እጁን አነሣ።

«ዛሬ ግን አምናለሁ። ያሳመነችኝም እዚህ አለች። ነገ በጋዜጣ የፈለጋቸውን ይበሉኝ።»

ወርዶ አዴ ዲንቄን በእጇ ይዞ አወጣት። ሻሿን አስተካክላ ሰዉን አየች።

«እናቴ፣ ይንገሯቸው» አላት። «እዚያ ሄደው እጅዎን ሲዘረጉ ማንን ነው የሚያዩት?»

«ልጄን» አለች።

በላይነህ ጉልበቷ ላይ ተደፋ። መጋዘኑ በእልልታ ተናወጠ። ቄስ ገብረአምላክ መስቀላቸውን አውጥተው ብድግ አሉ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር። አዴ ዲንቄ እልልታው እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የተዋናዩን ራስ በሁለት እጆቿ ቀና አደረገችው።

«አንተን አይደለም» አለችው ቀስ ብላ፤ «ሚስማሩን የሚመታብህ ወታደር ልጄ ጉራቻ ነው፤ ኦጋዴን ሄዶ ሞተ፣ ሌላ ፎቶ የለውም።»