ቅቤው ያልሞቀ ዕለት

"አባ! ክፍሉ ሞቋል! በሩን ዝጋ!"

"አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ? እንዴት አደርክ ልጄ? ልጆቹስ..."

"አባ፣ ቅቤው ይቀልጣል እያልኩህ ነው!"

"ዘጋሁት።"

"ጎበዝ።"

ጧ... ስልኩ ተዘጋ።

ኦቦ ታፋ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ቆዩ። ልጁ የረሳው ነገር ቢኖር ብለው...

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኦቦ ታፋ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ የቅቤ ማቆያ ቀዝቃዛ ክፍል አላቸው። የአርጆ ቅቤ ወደ ፊንፊኔ እስኪጫን እዚያ ያድራል።

ምን ያህል ይቀዘቅዛል? በሩ ሲከፈት ሌላው ሰፈር፣ ቡርቃ ጃቶ ያለ ሰው ጋቢ ይደርባል! ዝንብ እንኳ ብትገባ ጉንፋን ይዟት ነው የምትወጣው።

ፊንፊኔ የሚኖረው ልጃቸው ጋሩማ ታዲያ ግድግዳው ላይ አንዲት መሣሪያ አሰቀለ። ከመሣሪያዋ ጣት የምታህል ብረት በሽቦ ተንጠልጥላለች... ሙቀት የምትለካው እሷ ናት። ሙቀቱ ከጨመረ ጋሩማ ስልክ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጮሃል። ካልጨመረ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው።

"አባ፣ ከእንግዲህ ሁሉንም ከዚሁ ሆኜ አያለሁ!" አለ በደስታ።

ከዚያ ወዲህ መምጣቱን ተወ።

ባለቤታቸው ወርቂቱ ካረፉ በኋላ የዚያ ቤት ዝምታ... የግድግዳው ሰዓት እንኳ ቀጭ ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል።

አንድ ጠዋት በሩ ሳይዘጋ ቀረና ጋሩማ ደወለ። ያኔ ለኦቦ ታፋ አንድ ነገር በራላቸው።

ለካ ሲሞቅ ልጄ ይደውላል!

ግን የሰው ቅቤ ማበላሸት? በጭራሽ አያደርጉትም። ስለዚህ በየጠዋቱ ይገቡና ያችን ብረት በመዳፋቸው ጭብጥ ያደርጓታል። እንደ ጫጩት አቅፈው ያሞቋታል...

ከዚያ ስልኩ ይጮሃል። "አባ! በሩን!"

ቁጣ ነው። ግን የልጅ ድምፅ ነው።

ጋሩማ ሰለቸው። መሣሪያውን ለሸጠለት ድርጅት "እናንተው ተከታተሉት" ብሎ ተገላገለ።

በማግስቱ ብረቷን ጨበጡ። ስልኩ ጮኸ።

"እንዴት አደሩ አባባ? ዛህራ እባላለሁ፣ ከመቆጣጠሪያው ነው።"

ልባቸው ስብር አለ። ልጃቸው አይደለም። ግን ደግሞ... እንዴት አደሩ ያለ ሰው ነው።

"ነጋ፣ ደህና ነኝ! አንቺስ እንዴት አደርሽ?"

"አልሐምዱሊላህ። ወላሂ እዚህ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እናንተ ጋ ዘነበ?"

ዛህራ አርጆ አካባቢ የሰፈሩ የወሎ ሰዎች ልጅ ናት። ፊንፊኔ ብቻዋን ተከራይታ ትኖራለች። ኦቦ ታፋ ሰላምታ ጀምረው እስኪጨርሱ የተተከለ ቡና ለለቀማ ይደርሳል፤ እሷ ግን አትቸኩልም። ዝናቡን፣ ላሟን፣ ጉልበታቸውን ሁሉ ትጠይቃለች። መጨረሻ ላይ ብቻ...

"አንቱ አባባ፣ እንዲያው በሩንም ያዩልኝማ" ትላለች።

እንዲህ እያሉ ክረምቱ ወጣ።

አንድ እሑድ ሠራተኞቹ ሁሉ ቸርች ሄደዋል። ኦቦ ታፋ እንደ ልማዳቸው ወደ ክፍሉ ገቡ... ወለሉ ላይ የተንጠባጠበ ቅቤ አንሸራተታቸው።

ዳሌያቸው ቀጭ አለ። ከባዱ በር በራሱ ጊዜ ተዘጋ። ስልኩ ውጭ፣ ወንበር ላይ በተቀመጠው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው።

ተጣሩ። ያ በር ግን የሽማግሌ ጩኸት ከግቢው አያሻግርም።

ቀና ሲሉ ብረቷ ከላያቸው ተንጠልጥላለች። እጃቸውን ዘረጉ... አልደረሱም። እንደገና ዘረጉ... አልደረሱም።

መሣሪያዋ ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ሁሉም ደህና ነው ማለቷ ነው።

"ቅቤው ካልሞቀ..." አሉ ለራሳቸው፣ "ማን ይደውላል?"

ብርዱ ከእግር ጣታቸው ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

ድንገት ከውጭ ስልክ ሲጮህ በስሱ ተሰማቸው። ቆመ። እንደገና ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ...

ያ ዝምታ ከብርዱ ባሰ።

በመጨረሻ በሩ ብርግድ አለ!

"ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ኦቦ ታፋ!" ጎረቤታቸው ድርቤ ናት፣ ከነ ቸርች ልብሷ። "ያቺ የፊንፊኔ ልጅ ደውላ 'ሩጪ!' አለችኝ! እርስዎ ካላነሱ ለኔ እንዲደወል ስልኬን አስመዝግበው የለ!"

ሆስፒታል ገቡ። ማታ ጋሩማ ከፊንፊኔ ደረሰ። አልጋው አጠገብ እንደቆመ ዛህራ ደወለች፤ ላውድ ላይ አደረገላቸው።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ... ቅቤው ሳይሞቅ እንዴት ደወልሽ?"

"ሳይሞቅ ስለቀረ ነዋ አባባ!"

"እ?"

"በየጠዋቱ ይሞቅ ይሞቅና የሰው ገላ ሊያክል ሲል ቀጥ ይላል። በር ቢከፈት እንደዚያ አይሆንም። መዳፍ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ።"

ኦቦ ታፋ እንደ ተማሪ ልጅ አፈሩ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"



"እኔንስ በጠዋት እንዴት አደርሽ የሚለኝ ሌላ ማን አለ?"

ቀጥላም "ጠዋት ለልጅዎም ደውዬ ነበር" አለች፣ ጋሩማ እየሰማ መሆኑን ሳታውቅ። "'ስክሪኑ አረንጓዴ ነው፣ ምን ችግር አለ?' አለኝ።"

ጋሩማ አንገቱን ደፋ። የአባቱን መዳፍ ያዘ። አሁንም ቀዝቃዛ ነበር...

ኦቦ ታፋ በሌላው እጃቸው ቸብ ቸብ አደረጉት።

"አይዞህ፣ ኢልማ ኮ። ቅቤው ደህና ነው።"

ወዳጆቼ... መሣሪያ ዕቃችን እንዳይበላሽ ይጠብቅልናል፤ ደግ ነገር ነው። ሰው እንዴት እንዳደረ ግን ሰው ካልጠየቀ አይታወቅም። "ድምፁ ካልተሰማ ደህና ቢሆን ነው" የምንለው ሰው፣ ምናልባት እጁን ዘርግቶ አልደርስ ብሎት ይሆናል።

መጀመሪያ አንድ ሰው ጋ ደውሉ። ሰላምታውንም አታሳጥሩት። ከዚያ ተመልሳችሁ ይህን መልሱልኝ...

እናንተ ነገ ጠዋት ድምፃችሁ ቢጠፋ፣ "ምን ሆኖ ነው?" ብሎ የሚደነግጥላችሁ ማነው?